እሳቱ ሲነግሥ

ጉለሌ፣ ቁስቋም
መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ሰርካዲስ
ደሴ

አዲሱ አመት ሳያረጅ ልልክልዎ የሚገባኝን ሰላምታ፣ እነሆ አደይ አበባው መርገፍ ሲጀምር እልካለሁ። «ምን አስቀይሜዎ ነው የዘጉኝ?» ብለው ለጻፉልኝ መልሴ አጭር ነው፤ ምንም አላስቀየሙኝም። ክረምቱ ከበደኝ፤ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ አለኝ፤ በዚያ ላይ የእድሜ ነገር አለ። ጆሮዎ ከስልክ ጋር ከተጣላ ወዲህ በእኛ መካከል የቀረው መንገድ ደብዳቤ ብቻ መሆኑን እያወቅሁ፣ መንገዱን ሳር እንዲበቅልበት መተዌ አሳፍሮኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ይህ ደብዳቤ በኮምፒውተር መጻፉ አያስገርምዎ። አዲሱ ገበያ ካለ አንድ ጽህፈት ቤት ተቀምጬ እኔ እናገራለሁ፣ ልጅቱ ትመታለች። የእኔን የእጅ ጽሁፍ ሲፈቱ የኖሩ አይኖችዎን አንድ ጊዜ እንኳ ላሳርፋቸው ብዬ ነው።

ዋናው ጉዳዬ ምክር ነው። ለቤታችን የሚሆን ላፕቶፕ ልገዛ አስቤአለሁ። ልጅዎ ከገዛችልዎ ወዲህ እርስዎ የእቃውን ጠባይ ለይተው አውቀዋል፤ እኔ ግን ሱቅ በገባሁ ቁጥር የሚነገረኝ ቋንቋ አይገባኝም። የምፈልገው ለእለት ተእለት ጉዳይ ነው፤ ጋዜጣ ለማንበብ፣ የመብራትና የውሀ ክፍያ ለመፈጸም፣ የልጅ ልጆቹን ፎቶግራፍ ለማየት፣ አልፎ አልፎም አንድ ሁለት መስመር ለመጻፍ። ባለቤቴ ገበያነሽ ድራማዋን የምታይበት ስለሆነ ስክሪኑ ሰፋ ይበል ትላለች። ሽሮ ሜዳ ካለው የሸማ ሱቋ ውላ ስትመለስ፣ ገና ከበሩ ሳትገባ «ገዛኸው?» ትለኛለች።

ምን አይነት ልግዛ? አዲስ ወይስ ያገለገለ? እርስዎ ያሉኝን እገዛለሁ።

ሰላም ይሁኑ።

መሸሻ


ደሴ
ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ መሸሻ
ጉለሌ

ጋሼ መሸሻ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ከጆሮዬ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ልጄ ሲና ደብዳቤዎን ከፖስታ ቤት ይዛ ስትመጣ «ከጋሼ ነው!» ብላ የጮኸችውን ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ እኔ ብቻ አልሰማሁም።

ስለ ላፕቶፑ። ለቤት ከሆነ ክብደቱ አያሳስብዎ፤ ከጠረጴዛ ወደ አልጋ እንጂ ከከተማ ወደ ከተማ አይዞርም። «ቀጭን ነው፣ እንደ ወረቀት ነው» እያሉ የሚያስጎመጁዎትን ይለፏቸው፤ የቀጭኑ ላፕቶፕ ቁልፎች ሲጫኗቸው ዝቅ አይሉም፣ ጣትዎ መምታቱን አያውቅም። ራም የሚሉትን እንደ መጻፊያ ጠረጴዛዎ ስፋት ይቁጠሩት፤ ሰፊ ሲሆን ብዙ ወረቀት በአንድ ጊዜ ይዘረጋል። ማከማቻው ደግሞ ቁም ሣጥኑ ነው፤ እርስዎ ፊልም ስለማያጠራቅሙ መካከለኛው ይበቃዎታል። ባትሪውን ግን አጥብቀው ይጠይቁ፤ መብራት ሲጠፋ ዐረፍተ ነገርዎ መሐል ላይ እንዳይቀር። ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለም። ማገልገል እኛን ምን አደረገን?

ዕቃውን ራሱን ላመሰግንልዎ እወዳለሁ። በማተሚያ ቤቱ ሳለን፣ እርስዎ አዘጋጅ እኔ አራሚ ሆነን፣ አንዲት ፊደል ለመለወጥ የእርሳስ ፊደሉ ሁሉ ተፈትቶ እንደገና እስኪለቀም መጠበቅ ነበረብን። ዛሬ ፊደሏን እነካታለሁ፣ ትሄዳለች፤ ሌላዋን እጠራለሁ፣ ትመጣለች፤ በገጹ ላይ ጠባሳ እንኳ አይታይም። ይህን ያሰበ አእምሮ ይባረክ እላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ብቻዬን ተቀምጬ ጮክ ብዬ እለዋለሁ፤ ራሴን ስለማልሰማ አላፍርም።

አሁን ወደ ስሜ ልምጣ። በደብዳቤዎ ውስጥ ስሜ በእሳቱ ሰ ተጽፏል። በንጉሡ ሠ መሆኑን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ የመታችው ልጅ ናት፣ አልቀየማትም። «ዓመት»ንና «ዐይን»ን በአልፋው አ፣ «ሣር»ንም በእሳቱ ሰ መትታቸዋለች። የዛሬዎቹ «ድምፁ ያው ነው» ይላሉ፤ ይበሉ። እኔን ያስደነገጠኝ ስሕተቱ አይደለም። አለመታረሙ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ ከምሰሶ ላይ የተለጠፈ የቀብር ማስታወቂያ ሲያዩ ቆመው «አረፉ» የሚለውን በዐይኑ ዐ አስተካክለው፣ ነፍስ ይማር ብለው የሚያልፉ ሰው ነዎት። የመድኃኒት ማዘዣ አርመው ለሐኪሙ የመለሱ ሰው ነዎት። የራስዎ የሠርግ ጥሪ «ሰርግ» ተብሎ ታትሞ ቢመጣ፣ ካርዱን ሁሉ አንድ በአንድ በቀይ ብዕር አርመው ያደሉ እርስዎ ነዎት፤ ወይዘሮ ገበያነሽ እስከ ዛሬ ይቅር እንዳላሉዎ አውቃለሁ። ታዲያ ይህ ገጽ እንዴት አንዲት ቀይ ነጥብ ሳታርፍበት ወደ እኔ መጣ? ፊርማዎስ የት ሄደ? በደብዳቤዎችዎ ሁሉ መጨረሻ «እጅ ነሥቼ» የሚሉት ሰው፣ ዛሬ «ሰላም ይሁኑ» ብለው የቆሙት ስለ ምንድን ነው?

ዐይንዎ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጋዜጣ አነባለሁ ብለውኛል።

እጅዎ ምን ሆነ?

አክባሪዎ
ሠርካዲስ


ጉለሌ፣ ቁስቋም
ህዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ እንደምን ከረሙ? ይህን የምጽፈው እኔ ገበያነሽ ነኝ። ቃሉ የመሸሻ ነው፤ በቅንፍ ያለው የኔ ነው። ስምዎን በባለ ሁለት እግሩ ሰ ብጀምረው ጮኸብኝና በባለ ሶስቱ አስተካከልኩት። ሌላ ሌላውን ያጠፋሁትን እንደፈለገ ይሁን።

የተከበሩ ወይዘሮ ሠርካዲስ፣

አራሚ እንደሆኑ ቆዩኝ። የተደበቀውን ባልተጻፈው አነበቡት። በነሀሴ፣ ጾመ ፍልሰታ በገባ ሰሞን፣ ከቁስቋም ማርያም ስመለስ ቀኝ ጎኔ ከዳኝ። እግሬ ተመልሷል፤ በከዘራ ዳገቱን እወጣለሁ። (በከዘራና በኔ ትከሻ።) ትናንት የታቦቷ ንግስ ነበር፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ውያለሁ። እጄ ግን አልተመለሰችም። ሀኪሙ ቢበዛ ማንኪያ ትይዛለች ብሏል። (እንዲህ አላለም። «ይሻሻላል፣ ያለማምዷት» ነው ያለው። አላለማምድም ያለው እሱ ነው።)

ለምን ደበቁኝ ብለው እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ከእርስዎ ጋር ያስተዋወቀኝ ይህ እጅ ነው። በማተሚያ ቤቱ ማንም ሊያነበው ያልቻለውን ጽሁፌን ይዘው ክፍሌ መጥተው፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ አነበቡልኝ። ከዚያም «ይህ ጽሁፍ አስቸጋሪ አይደለም፤ ቸኳይ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጻፍኩትን ሁሉ የጻፍኩት፣ ቢያንስ አንድ ሰው እንደሚያነበው አውቄ ነው። እጄ ከዳችኝ ብዬ ልጻፍልዎ ብል፣ በየትኛው እጅ?

(እዚህ ላይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም ተነስቼ ሻይ ጣድኩ።)

ላፕቶፑን ትቼዋለሁ። የጎረቤታችንን የአቶ ቦናን ተውሼ በግራ እጄ ሞከርኩ። ግራዬ ያልተማረች እጅ ናት፤ የምትታዘዘኝ አንዲት ጣቷ ብቻ ናት። መጀመሪያ የጻፍኩት ስምዎን ነበር። እሳቱ ሰ እንጂ ንጉሱ አልወጣ አለኝ። ንጉሱን ለማውጣት ሁለት ቁልፎች በአንድ ጊዜ መያዝ ያሻል፤ አንዲት ጣት ሁለት ቦታ አትሆንም። ስምዎን አጉድዬ ከምጽፍ ዝም ማለት ይሻላል። ገበያነሽ እየጻፈችልኝ እንዳልቀጥልም፣ በሰው እጅ የሚሄድ ደብዳቤ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። (አመሰግናለሁ።) ስለዚህ ይህ የመጨረሻዬ ይሁን። ስላነበቡኝ ዘመን ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መሸሻ

(የመጨረሻ አይሁን። «ይሄን አልጽፍም» ብለው «ጸሀፊ ሁኚ እንጂ ሳንሱር አትሁኚ» አለኝ። ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ ይህ ሰው የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ ጢሙን ተላጭቶ ነው የሚያነበው። ከነሀሴ ወዲህ አልተላጨም። የሆነ ነገር ይበሉት። ስለ ሰርግ ካርዱ እውነትዎን ነው፤ ይቅር አላልኩትም።)


ደሴ
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ መሸሻ፣

ማዘኔን አስቀድሜ፣ መቆጣቴን አስከትዬ ልጻፍ። አዝኛለሁ፤ ሲና እንዳታየኝ ጓዳ ገብቼ አልቅሻለሁም። አሁን ቁጣዬን ይቀበሉ።

ጆሮዬ በተዘጋ ጊዜ እኔም ለሰው ሁሉ «ከእንግዲህ አትፈልጉኝ» ብዬ ነበር። ሰው ጨዋ ነውና ሁሉም ቃሌን አክብሮ ሄደ። እርስዎ ብቻ አላከበሩልኝም። ወፍራም ፖስታ ላኩብኝ፤ ያልታረመ የመጽሐፍዎ ረቂቅ ነበር። ከላዩ ላይ «አራሚ የሚያስፈልገው ዐይን ነው» የሚል አንድ መስመር ነበረበት፤ «አይዞዎት» እንኳ አላሉኝም። ያን መጽሐፍ እያረምኩ ነው ወደ ሰው የተመለስኩት። ያቺን ወረቀት ዛሬ መልሼ አልልክልዎም፤ የእኔ ናት። ቃሏን ግን ይዋሱኝ፤ ጸሐፊ የሚያስፈልገው ቃል ነው። እጅ የቃል አሽከር ነው፤ አንዱ አሽከር ቢታመም ጌታው ቤቱን አይዘጋም።

ንጉሡ ሠ በአንዲት ጣት አይወጣም ላሉት፣ ይወጣል። የአቶ ቦና ላፕቶፕ ላይ ያለው የአማርኛ መጻፊያ ሌላ ነው። መጻፊያው ብዙ ዓይነት ነው፤ እንደ ብዕር ለእጅ ይመረጣል። እኔ የምጠቀምበት ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ አያስይዝም። የእሳቱን ቁልፍ አንዴ ይምቱት፤ እሳቱ ይመጣል። እዚያው ላይ ደግመው ይምቱት፤ እሳቱ ይነግሣል። የመጻፊያውን ስም በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አድርጌአለሁ፤ ለሻጩ ያሳዩት።

«ምን ዓይነት ልግዛ?» ብለው መጀመሪያ ሲጠይቁኝ የሰጠሁትን ምክር ሁሉ ሰርዣለሁ። ራሙንም ባትሪውንም ወይዘሮ ገበያነሽ ይጠይቁ። እርስዎ ከዕቃው ፊት ይቀመጡ፤ ግራ እጅዎን ያሳርፉ፤ ስሜን ይጻፉበት። ጣትዎ ያልደከመችበት፣ ስሜንም ያላጎደለ፣ እርሱ ነው የቤትዎ ላፕቶፕ። መዘግየትዎ አያስጨንቅዎ። እኔ የምቸኩልበት ጉዳይ የለኝም። በቀን አንድ መስመር ቢጽፉ፣ በወር ደብዳቤ ነው።

ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ይህን ከመስጠትዎ በፊት መላጫውን ይስጧቸው።

ሠርካዲስ


ጉለሌ
ታህሳስ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወይዘሮ ሠርካዲስ፣

ተላጨ።

በግራ እጁ ስለሆነ አገጩ ላይ ትንሽ ቆረጠው፤ ልላጭህ ብለው እምቢ አለኝ። ቅዳሜ ሱቅ እንሄዳለን። መሄዳችንን እንዳልነግርዎ አስምሎኛል፤ ስለዚህ አልነገርኩዎትም።

ገበያነሽ


ጉለሌ፣ ቁስቋም
ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ሠርካዲስ
ደሴ

ይህን የምትጽፈው አንዲት ጣት ናት። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሮቼ አጥረዋል። ሳይወዱት አይቀሩም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በኅዳጉ ላይ «ይህ ዐረፍተ ነገር ይተንፍስ» እያሉ ሲጽፉብኝ ኖረዋልና።

በላኳት አጭር ወረቀት እንዴት እንደገዛነው ጠይቀውኛል። ማን እንደነገረዎ አልጠይቅም፤ መሐላ አፍራሽ በቤቴ አለች።

አዲሱ ገበያ ላይ ሀያም የምትባል ወጣት ሱቅ ከፍታለች። ገብተን ተቀመጥን።

«አባባ፣ ላፕቶፑ ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ለቤት ነው።»

«ለቤት ምን ሊሠሩበት?»

«የአንዲት ሴት ስም ልጽፍበት» ብዬ ገበያነሽን አየኋት።

«ይጻፍ፣ ይጻፍ» አለች ገበያነሽ። «እኔ ለምጄዋለሁ።»

ሀያም ሣቀች። ወረቀትዎን ሰጠኋት፤ መጻፊያውን በሦስት ላፕቶፖች ላይ ጫነችልኝ። ከመጀመሪያው ፊት ተቀመጥኩ። ቀጭን ነበር፣ ሲያዩት ያምራል። ቁልፎቹ እንደ መስተዋት ጠፍጣፎች ናቸው፤ መምታቴን ሳላውቀው እሳቱ ተደርድሮ እንደ ጉንዳን ሄደ። በሁለተኛው ቁልፎቹ ጠባቦች ናቸው፤ ጣቴ የጎረቤት ግቢ እየገባች አስቸገረችኝ።

«አባባ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ራም ነው፤ እርስዎ ሠ ይጠይቁኛል» አለች ሀያም።

«ራሙን እኔ እጠይቅሻለሁ፤ እሱን ተዪው» አለች ገበያነሽ።

ያን ጊዜ ገበያነሽን ባዩልኝ! ላፕቶፕ እንደ ጋቢ ስትመርጥ አየሁ። ገለበጠችው። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ወደ ብርሃን አወጣችው። «ፊቱን ማንም ያሳምረዋል፤ ሸማኔ የሚታወቀው በጀርባ ነው» እያለች ከፍታ ዘጋችው፣ ዘግታ ከፈተችው፤ ሁለተኛውን «ይሄ አንገቱ ላልቷል» ብላ መለሰችው። ሀያም አልተከራከረችም፤ እውነትም ማጠፊያው ላልቶ ነበር። እኔንም በዚያ ዘመን እንዲህ አገላብጣ አይታ ነው ለካ የወሰደችኝ ብዬ ተደነቅሁ። ጀርባዬ ላይ ምን እንዳየች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ሦስተኛው ያገለገለ ነው። ወፍራም፣ ጥቁር፣ መልከ ጥፉ። ሀያም ራሷ «ይሄን እንኳ አይፈልጉትም» ብላ ከሥር ነው ያወጣችው። ቁልፎቹ እንደ ድሮው የጽሕፈት መኪና ዝቅ ብለው ይመለሳሉ። አንዴ መታሁ። እሳቱ መጣ። ትንፋሼን ይዤ እዚያው ላይ ደግሜ መታሁ።

ነገሠ።

ሱቅ ውስጥ መሆኔን ረስቼ ብድግ አልኩ። ንጉሥ ሲገባ ተቀምጦ የሚቀበል አለ?

«አባባ! ምን ሆኑ?» አለች ሀያም ደንግጣ።

«ምንም አልሆነ» አለች ገበያነሽ፤ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ እያስጠጋች። «ይሄው ነው። ጠቅልይልን።»

አሁን ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ገበያነሽ ድራማዋን ታይበታለች፣ የመብራቱን ትከፍልበታለች፤ የቀረው ጊዜ የእኔ ነው። በቀን አንድ መስመር ብለውኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ሁለት እጽፋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አንዲት ቃል ጽፌ ቀኑን ሙሉ አያታለሁ። ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ነኝ። በሰባዎቹ ዕድሜ ሀ ሁን እንደገና መጀመር ለስንቱ ይሰጣል? መብራት ሲጠፋ እንኳ ባትሪው ያቆየኛል፤ በጨለመው ክፍል ውስጥ ፊደሎቹ ብቻ በርተው ሳይ የቀድሞዎቹን ጸሐፊዎች አስባለሁ፤ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እላለሁ።

ከሁሉ የማደንቅለት ትዕግሥቱን ነው። ትናንት ካቆምኩባት ቃል አጠገብ አንዲት ቀጭን ሰረዝ ብልጭ ድርግም እያለች ቆማ ትጠብቀኛለች። አታጣድፈኝም፤ አትሄድብኝም። በዕድሜዬ እንዲህ የጠበቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ገበያነሽ አለች፣ ወይዘሮ ሰርካዲስ አሉ። ሌላ አላውቅም።

ቀኝ እጄን ሐኪሙ ባለው መሠረት ማለማመድ ጀምሬአለሁ። ስለ እርሷ ለጊዜው የምለው የለኝም።

ይህን ገጽ ሀያም አትማልኛለች። አንብቤ፣ ፈርሜ እልከዋለሁ።

እጅ ነሥቼ፣
መሸሻ


ደሴ
ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ሲና አንብባ ሣቀች፣ ከዚያም ሣቋን አቋርጣ አፍንጫዋን ተናፈጠች። እኔ እንደ ልማዴ አላነበብኩትም፤ አረምኩት።

ፊደሉ ሁሉ በየቦታው ነበር። «ዕድሜ» በዐይኑ ዐ፣ «ሕፃን» በሐመሩ ሐ፣ በፀሐዩም ፀ። ሰረዟ ስለምትጠብቅዎት ከተናገሩበት መስመር ስደርስ ግን ስሜን አገኘሁት፤ በእሳቱ ሰ ወድቋል። ልቤ ሊወድቅ ሲል ከላዩ ላይ ቀይ ቀለም አየሁ። እሳቱ ተሰርዟል፤ በላዩ አንድ ነገር ተጽፏል።

«ማማ፣ ቀለም ፈስሶበት ነው?» አለችኝ ሲና።

አልፈረድኩባትም። ሦስት ጥርሱ የተንጋደደ የአውድማ መንሽ ይመስላል።

በሁለት ምት ሊያነግሡት የሚችሉትን ስሕተት ሳያርሙት ለምን እንዳሳተሙት አልጠይቅዎም። ያረመችው እጅ የትኛዋ እንደሆነችም አልጠይቅዎም። ግራ እጅ ብትሆን ፊደሉን ቀጥ አድርጋ ለማቆም በተጨነቀች ነበር። ይህቺ ግን ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ፣ የሚቀጥለውን ቃል ልትይዝ ትሮጣለች። ዕድሜዬን ሙሉ ሳነባት የኖርኩ ነኝና አልስታትም። አስቸጋሪ አይደለችም፤ ቸኳይ ናት።

ላፕቶፑ ይባረክ፤ የገለበጠችውም እጅ ትባረክ። እርስዎ ግን አደራዎን፣ ከእንግዲህ እንከን የሌለበት ደብዳቤ እንዳይልኩልኝ።

አራሚዎ
ሠርካዲስ